ሙሽራዋን ማን አወፈራት?

«ድሮም እንዲህ ነበር፤ ያኔ ስለማናውቅ ነው።»

ይህን አባባል ከአዲስ ዓለም እስከ አምቦ ያልሰማሁበት ሳሎን የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም። አጋጣሚው ሁሌም አንድ ነው። ግድግዳው ላይ አዲስ ሰፊ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። በዓል ነው፣ ዘመድ ተሰብስቧል። አንዱ ከቁም ሳጥኑ ሥር የድሮ የሰርግ ቪሲዲ ይዞ ብቅ ይላል። የዴኩ አቧራ ይራገፋል፤ ቢጫው፣ ቀዩና ነጩ ገመድ ይሰካል። ከዚያ ሳቅ ነው። የሙሽራው ጉንጭ ተነፍቷል፤ የሚዜዎቹ ትከሻ በር አያስገባም፤ ኬኩ የእንጀራ ምጣድ አክሏል፤ ሰዉ ሁሉ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስል ይርገበገባል። ሳቁ በረድ ሲል ከመካከል «ነገሩ የሚገባው» የሚባለው ወጣት ፍርዱን ይሰጣል፦ ቪሲዲ ድሮም ጥራት የለውም፣ አዲሱ ቲቪ ጉዱን አወጣው እንጂ። ሲዲው ከዚያ በኋላ ወደ ቁም ሳጥኑ አይመለስም። ጓሮ በቆሎው መሀል ወፍ ማባረሪያ ሆኖ ተንጠልጥሎ ወይም ባጃጅ ውስጥ ሲያብለጨልጭ ታገኙታላችሁ።

ባለፈው ፋሲካ ፍርዱ የተሰጠው አዲስ ዓለም፣ አክስቴ ቤት ነበር። ሰርጉ የትልቋ ልጇ ነው፣ የ1997 ዓ.ም.። ሙሽራዋ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ እዚያው ሶፋው ላይ ከእኛ ጋር ተቀምጣለች። ያኔ ቀሚሱ ሰፍቷት ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ተይዞላት እንደነበር ቁልፉን ያሰረችው እናቴ ዛሬም ታወራለች። ስክሪኑ ላይ የወጣችው ሴት ግን ሌላ ናት፤ አጭር፣ ድብልብል፣ ፊቷ እንደ ድፎ ዳቦ የተዘረጋ። «ለካስ ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበርሽ!» አላት ባሏ። እሷም ሳቀች። እንዴት እንደሳቀች አይቻለሁ፤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ለዚያ ወጣት በመጀመሪያ የሚገባውን ልስጠው። ከሚለው ግማሹ እውነት ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም። ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ ማትሱሺታና ጄቪሲ በ1993 እ.ኤ.አ. ለቪሲዲ ደንብ ሲያወጡለት ምስሉ በፓል ሥርዓት፣ ማለትም የእኛ ቴሌቪዥን በኖረበት ሥርዓት፣ በአግድም 352፣ በቁመት 288 ነጥብ ይሁን አሉ። ሲባዛ 101,376 ነጥብ ይመጣል። የዛሬው ፉል ኤችዲ ስክሪን በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ነው፤ ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል። እንግዲህ ስክሪኑ ላይ ካለው 20 ነጥብ ሲዲው የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። የቀረውን 19 ቲቪው ከራሱ ይሞላል። ስክሪኑ ፎር ኬ ከሆነማ ከ80 አንዱን ነው የሚያውቀው።

ነገሩ የነጥብ ብዛት ብቻም አይደለም። ያኔ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጮች ይዘውት ይዞሩ የነበረው ሚኒ ዲቪ ካሜራ ምስሉን በሰከንድ 25 ሚሊዮን ቢት አድርጎ ነበር የሚይዘው። ያው ምስል ቪሲዲ ላይ ሲገለበጥ የሚፈቀድለት 1.15 ሚሊዮን ቢት ነው፤ ከ20 እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ነጥቡ በአግድም በግማሽ ይቀነሳል፤ ከመስመሮቹም ግማሾቹ ይጣላሉ። ሙሽሮቹ ቆመው ቀለበት ሲያደርጉ ይህ ሁሉ ቁጠባ አይታወቅም። ረገዳው ሲጀመር ግን፣ መሬቱ ሲደለቅ፣ አንገትና ትከሻ ሲወረወር፣ ከዳሱ ጣሪያ አንድ አምፖል ብቻ ሲያበራ፣ ያኔ ቢቱ አይበቃም። ምስሉ ባለ ስምንት በስምንት ነጥብ አራት ማዕዘን እየተቆራረሰ ይበተናል። አንዱ ቁራጭ ጨርቅ ነው፣ አንዱ ክንድ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ስለዚህ «ቪሲዲ ዝቅተኛ ነው» የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይጣላም። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ ብሎ ከቪኤችኤስ ካሴት ጋር አንድ ላይ ቢከምረውም ደግ፤ በምስል ሁለቱ እኩዮች ናቸው። ጠቤ ከዚያ ከሚከተለው ጋር ነው፤ «አዲሱ ቲቪ እውነቱን አወጣው» ከሚለው።

የትኛውን እውነት?

ሜትር ይዛችሁ ተከተሉኝ። የድሮው 21 ኢንች ቲቪ መስታወቱ በአግድም 41 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 352 ነጥብ እዚያ ላይ ሲደረደር አንዱ ነጥብ ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። 3 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ይህ ጤነኛ ዓይን አንዱን ነጥብ ከጎረቤቱ ለይቶ ማየት የሚችልበት ጠርዝ ነው፤ ትንሽ ቢያንስ ጨርሶ አይለየውም። አሁን ያንኑ ሲዲ 43 ኢንች ላይ ከዳር እስከ ዳር ለጥጡት። ስክሪኑ በአግድም 95 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ነጥቡ ያው 352 ነው። አንዱ ነጥብ 2.7 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሶፋው ግን ካለበት ፈቀቅ አላለም። የድሮውን እይታ መልሶ ለማግኘት ከስክሪኑ 7 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ከእናንተ መካከል የ7 ሜትር ሳሎን ያለው ማን ነው? አክስቴ ቤት ከስክሪኑ 7 ሜትር ከራቅኩ የምቀመጠው ጎረቤት ጓዳ ውስጥ ነው።

በስፋት ካሰላችሁት አዲሱ ስክሪን ከድሮው በአራት እጥፍ ይበልጣል። ለአንድ እንጀራ የተለካ ሊጥ አራት እጥፍ በሚሰፋ ምጣድ ላይ ያዞረች ሴት እንጀራው ቢበሳሳባትና ቢበጣጠስባት ጤፉን ትሰድባለች? «ድሮም ይህ ጤፍ እንዲህ ነበር፤ ምጣዳችን ትንሽ ስለሆነ አላወቅንም» ትላለች? እኛ ሳሎን ተቀምጠን የምንለው ግን ይህንኑ ነው።

ምጣዱ መስፋቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ባሕርይውም ተለውጧል። በድሮው ቲቪ ምስሉን መስመር በመስመር የሚስለው ከኋላ የሚተኮስ ጨረር ነበር፤ የሚጥለው የብርሃን ነጥብ ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ አንዱ ወደ ሌላው ፈሰስ ይላል። የቪሲዲ ሻካራነት እዚያ ላይ ይሟሽ ነበር። አዲሱ ስክሪን ቋሚ ሰሌዳ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ግድግዳ አለው፣ በሁለት የታወቁ ነጥቦች መካከል የሚገባውን ደግሞ ቲቪው ውስጥ ያለች ትንሽ ኮምፒዩተር ትገምታለች። ግምት ብቻ ቢሆን አሁንም ደግ። ብዙዎቹ ቲቪዎች ሱቅ መደርደሪያ ላይ ገዢ እንዲስቡ ተብለው ቀለሙ እንዲጮህ፣ ጠርዙ እንዲሰላ ተደርገው ይመጣሉ። «ሻርፕነስ» የሚባለው ነገር አዲስ ዝርዝር አይጨምርም፤ ያለውን ጠርዝ በነጭና በጥቁር ያሰምርበታል። ጠርዙ የነጠላ ጥለት ከሆነ ዙሪያውን ነጭ ጥላ ያለብሰዋል። ጠርዙ የተቆራረሰው አራት ማዕዘን ከሆነ ደግሞ እሱኑ አጉልቶ ያሳያል። እንግዲህ ያ ወጣት «እውነቱ» ብሎ ጣቱን የቀሰረበት ነገር ከ20 ነጥብ 19ኙ ግምት፣ ግምቱም በእርሳስ የተኳለ ሥዕል ነው።

ድምፁን ደግሞ ልብ በሉ። ድምፁ ላይ ማንም አልሳቀም። የቪሲዲ ድምፅ የሙዚቃ ሲዲ በሚቀዳበት በሰከንድ 44,100 ናሙና የተያዘ ነው፤ ተጨምቆ በሰከንድ 224 ሺህ ቢት ይሰጠዋል፤ ለሰርግ ከበቂ በላይ ነው። የሽማግሌዎቹ ምርቃት፣ የሴቶቹ እልልታ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ሲጣሩና ሲጠራሩ ጥርት ብሎ ይሰማል። የሚያንቃቸው ካለ አዲሱ ቲቪ ራሱ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሣ ድምፅ ማጉያው ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳው ዞሯል። «ጥራት የለውም» የተባለው ሲዲ በድምፅ «ጥራት ካለው» ቲቪ ይበልጣል። ይህን ፍርድ ግን ማንም ሲሰጥ አልሰማሁም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ብዥታ ነው። ብዥታ ትንሹ ጥፋት ነው። ትልቁ መለጠጡ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ አንሥቶ ለአሥርት ዓመታት ያየነው ምስል ሁሉ ስፋቱ 4 ቢሆን ቁመቱ 3 ነበር። ቪሲዲም ለዚያው ነው የተሠራው። አዲሱ ስክሪን 16 በ9 ነው። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ላይ ከዳር እስከ ዳር ለመሙላት ሁሉንም ነገር በአግድም በአንድ ሦስተኛ ማስፋት ያስፈልጋል። 3 ስንዝር የነበረ ትከሻ 4 ስንዝር ይሆናል፤ ቁመቱ ግን ያው ነው። የአክስቴ ልጅ አልወፈረችም። ቪሲዲውም አላወፈራትም። ያወፈራት ሪሞቱን የያዘው ሰው ነው።

ይህን «የጥራት ችግር» ብሎ መጥራት ራሱ ማታለል ነው። ብዥ ያለ ምስል «እዚህ ጋ በደንብ አልታየኝም» ይላል። የተለጠጠ ምስል ግን ያልሆነውን «አይቻለሁ» ብሎ ይምላል። ሁለቱ ምስክር ሆነው ፍርድ ቤት ቢቆሙ የትኛውን ታምናላችሁ? ፎቶ አንሺ የፓስፖርት ፎቶአችሁን ክፈፉ እንዲሞላለት ብሎ ጎትቶ ቢሰጣችሁ ትከፍሉታላችሁ ወይስ ትጣሉታላችሁ? በፎቶ የማንታገሠውን በቲቪ ለምን እንታገሣለን?

መልሱን ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ጋሼ በግልጽ ነግረውኛል። «ልጄ፣ እኔ የከፈልኩት ለ43 ነው። በግራ በቀኝ ጥቁር ተትቶ 35 ኢንች ልይ?» አሉኝ። ሳላከብራቸው ላልፍ አልችልም፤ ቁጥራቸው ትክክል ነው። 43 ኢንች ላይ 4 በ3 የሆነ ምስል በልኩ ሲቀመጥ 35 ኢንች ገደማ ይሆናል፤ በየጎኑም 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥቁር ይቀራል። መልሴ አጭር ነው፦ አዎ ጋሼ፣ 35 ይዩ። ከድሮው 21 አሁንም በ14 ኢንች ይበልጣል። የተሰረቀብዎት ነገር የለም። ከፍለው የገዙት ስክሪን ነው እንጂ ሲዲው ላይ ያልተቀረጸ ሜዳ አይደለም። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ያደጉ ሰው ነዎት፤ የብራና መጽሐፍ ዙሪያው ህዳግ አለው። ጸሐፊው ብራናው ውድ ስለሆነ ብሎ ፊደሉን እስከ ጠርዙ ጎትቶት ያውቃል?

«እንግዲያው ዙም እናድርገው» የሚሉም አሉ። ዙም ፊት አያወፍርም፣ እሱስ እውነት ነው። ግን ስፋቱን ሲሞላ ከላይና ከታች ሩቡን ይቆርጣል፤ ከ288 መስመር 72ቱን። ረጅሙ ሚዜ ከግንባሩ በላይ ይቀራል፤ የረገዳው እግር ይጠፋል፤ ረገዳ ያለ እግር ምን እንደሚሆን ለሸዋ ሰው አላስረዳም። (አንድ ነገር ልመን፦ በኋለኞቹ ዓመታት በሰፊው ተቀርጸው ቪሲዲ ላይ የተገለበጡ ሰርጎች አሉ። እነርሱ 4 በ3 ላይ በአራቱም ጎን ጥቁር ይዘው ይመጣሉ። ለእነርሱ ዙሙ ትክክል ነው።)

ሦስተኛው ክርክር ዘመናዊ ስለሆነ ይበልጥ ያሳስበኛል፦ «ኤችዲ እናስደርገው።» ቪሲዲና ካሴት ወደ ኤችዲ እንቀይራለን የሚሉ ስቱዲዮዎች አሉ፤ አሁን ደግሞ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተጨምሮበታል። እስቲ እናስላ። ቤተ ዘመድ ተደርድሮ ከሙሽሮቹ ጋር በሚቆምበት ትዕይንት 20 ሰው በአግድም ቢሰለፍ ለአንዱ ሰው የሚደርሰው 17 ነጥብ ነው፤ ትከሻውን ጨምሮ። ፊቱ 7 ወይም 8 ነጥብ ቢያገኝ ነው። በ8 ነጥብ ውስጥ ሁለት ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ ቅንድብና ፈገግታ ሁሉም ይኖራሉ ተብሎ ይጠበቃል። የሉም። ታዲያ ማሽኑ ከየት አምጥቶ ነው የሚያሳያችሁ? ከተማረባቸው ከሌሎች ሰዎች ፊት ነዋ።

ይህን በወሬ አይደለም የማውቀው። ዘመዴ በዚሁ ከአዲስ ዓለም እስከ አምቦ ባለው መስመር ካሉት ከተሞች በአንዱ ስቱዲዮ ያስቀየረውን የቤተሰባችንን ቪሲዲ አይቻለሁ። አያታችን ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ አልነበራቸውም። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍኑ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ያን አሸፋፈን እየኮረጅን እንስቅባቸው ነበር። ኤችዲ የሆኑት አያታችን ግን ጥርሳቸው ሙሉ፣ ነጭ፣ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ የሚሠሩ ይመስላሉ። ቆዳቸውም ላይ አንድ መስመር የለም። ሕፃናቱ «እንዴት ያምራሉ!» አሉ። ያምራሉ፤ አያታችን ግን አይደሉም። ምስሉም እንደ ልማዱ ከዳር እስከ ዳር ተለጥጧል። ዋናውን ሲዲ የት አደረስከው ብለው «ከዚህ በኋላ ምን ያደርጋል?» አለኝ።

ተጨማሪ ቅጂ ማሠራት ክፉ ነው አላልኩም። ዋናው ሳይነካ ከተቀመጠ ያሻችሁን አስጊጡት። ክፋቱ የተጌጠው መጥቶ ዋናውን ሲያስጥል ነው። ብዥ ያለች አያት ብዥ ብላም ቢሆን አያት ናት፤ ጥርስ የተገጠመላት እንግዳ ሰው ግን ማን ናት?

«ዩቲዩብ ላይ ሁሉም አለ» ለሚለው ብዙ ጊዜ አላጠፋም። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ዩቲዩብ ላይ የለም፤ የእናንተም ሰርግ የለም። ያለው የድሮ ዘፈንና የድሮ ቃለ መጠይቅ ነው፤ ከዚያም ስንቱ ነው ተለጥጦ የተጫነው! ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል፤ ጥላሁንን የሚያውቀው በስልኩ ነው፤ ስልኩ ላይ የተለጠጠውን ደግሞ በሪሞት መልሶ ሊያጠበው አይችልም። እዚሁ አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1998 ዓ.ም. ነው ያረፈው፤ በአገራችን ቴሌቪዥን የተቀረጸው ምስሉ የ4 በ3 ዘመን ምስል ነው። የአገር ልጆች የሎሬቱን ፊት በአንድ ሦስተኛ ሰፍቶ እንዲያውቁት ነው የምንፈልገው? እንግዲህ ቪሲዲ ብቻ አይደለም የተጎዳው፤ ልማዱ ከሳሎን ወጥቶ ማኅደራችን ውስጥ ገብቷል።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ግን የመጣሉ ቅለት ነው። «ለማንኛውም ጥራት የለውም» የሚሉ ሰዎች የጠፋው ሁሉ ሌላ ቦታ የተሻለ ቅጂ ያለው ይመስላቸዋል። የለውም። ሚኒ ዲቪ ካሴት ውድ ስለነበር ብዙ ቀራጭ ሲዲውን አስረክቦ ሲያበቃ በሳምንቱ እዚያው ካሴት ላይ የሌላ ሰው ሰርግ ይቀርጽበት ነበር። ጥራት ያለው ቅጂ የሚባለው የጠፋው ያን ቅዳሜ ነው። የቀረው ያ የሚሳቅበት ሲዲ ብቻ ነው። ያውም ዕድሜው አጭር ነው፤ በኮምፒዩተር የተጻፈ ሲዲ መረጃውን የያዘው ቀለም በፀሐይና በሙቀት ይደበዝዛል። ቪሲዲ ደግሞ ምስል ለማስገባት ሲል በተራ የኮምፒዩተር ሲዲ ላይ ካለው የስህተት ማረሚያ ከፊሉን ትቷል፤ ስለዚህ ትንሽ ከተጫጫረ ይቆራረጣል። በቆሎ መሀል የተሰቀለ ሲዲ አንድ ክረምት አይሻገርም።

ቪሲዲን ጻድቅ ላደርገው አልተነሣሁም። ያው ርካሽነቱ ነው የዘፋኙንና የፊልም ሠሪውን እንጀራ አሳልፎ ለገልባጭ የሰጠው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው በዚያ ዘመን ጩኸት መሀል ነው። አንድ ፊልም ለማየትም ሲዲ አንድ ሲያልቅ፣ ልክ ነገሩ ሲጦፍ፣ ተነሥቶ ሲዲ ሁለትን መክተት ግድ ነበር፤ አንዱ 74 ደቂቃ ገደማ ነውና የሚይዘው። ግን ያ ርካሽነት ነው የገጠሩን ሰው ሰርግ በምስል እንዲቀመጥ ያደረገው። ከዚያ በፊት ሰርጉን አስቀርጾ እቤቱ የሚያይ ምን ያህል ሰው ነበር? ለጥራቱ ሲባል ያን ሁሉ ዘመን ከጣልነው የምንጥለው ምስል ብቻ አይደለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ ፊት የቆመ ትውልድ ነው።

የምንኖርበት ከተማ ለዚህ ክርክር ምስክር ትሁነኝ። ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት እያለቀ ሲያስቸግራቸው በ1890ዎቹ መናገሻቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ቤተ መንግሥት አሠሩ፣ ቦታውንም አዲስ ዓለም አሉት። በኋላ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አዳናትና መናገሻው ሳይዛወር ቀረ። የተጀመረው ቤት ግን «ለታሰበለት አልሆነም፣ ዘመኑ አለፈበት» ተብሎ አልፈረሰም። ለማርያም ተሰጠ፤ ዛሬም ደብረ ጽዮን ማርያም ብለን እንሳለመዋለን። በዚህ ከተማ ያደገ ሰው ከታሰበለት ዓላማ ያነሰ ነገር ሁሉ ይጣል ሲል መስማት ለእኔ ይከብደኛል።

አክስቴ ቤት ያን ቀን ሪሞቱን ጠየቅኩ። «ፒክቸር ሳይዝ» የሚለውን ፈልጌ 4 በ3 አደረግሁት፤ «ዳይናሚክ» የነበረውን የምስል ሁነታ ወደ «ሙቪ» መለስኩ፤ ሻርፕነሱን ወደ ታች አወረድኩ፤ ሶፋውን ከነተቀመጡበት አንድ ክንድ ወደ ኋላ ገፋነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ብዥታው አልጠፋም፤ አይጠፋምም። የአክስቴ ልጅ ግን በሁለት ጥቁር መጋረጃ መሀል ቀጠን፣ ረዘም ብላ ቆመች፤ የቀሚሱ ወገብ ከኋላ እንደተሰበሰበ ያስታውቃል። ባሏ ዝም አለ። እሷ ደግሞ ልጇን ከጭኗ አውርዳ ጠጋ ብላ ማየት ጀመረች።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ቪሲዲ ትንሽ ምስል ነው፤ ትንሹን በትንሽነቱ ማየት ያልቻልነው እኛ ነን። ጥፋተኛው ሲዲው ሳይሆን ባዶ ቦታ ማየት የማይችለው ዓይናችን ነው፤ ስክሪን ሁሉ መሞላት አለበት ብሎ የሚያስበው ስግብግብነታችን ነው። ስትጎትቱት የምታዩትን ውሸት «ድሮም እንዲህ ነበር» ብላችሁ በድሮው ላይ አትለጥፉት።

በቁም ሳጥናችሁ ሥር ያለውን ዛሬ አውጡት። ሲዲ የሚያነብ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ፈልጉ፤ ውስጡ «ኤምፔግ ኤቪ» የሚል ፎልደር አለ፣ እዚያ ያለውን ፋይል ሳትለውጡ፣ ሳታስውቡ፣ ሳታሰፉ ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጡትና ሲዲውንም በልባሱ መልሱት። አትዘግዩ። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ሲዲ ማስገቢያ የላቸውም። እኛም በፋሲካ የተጠቀምነው ዴክ የጎረቤት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሌላ የሚሠራ ዴክ ፍለጋ መንደሩን ዞሬ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ትሪው በእጅ ካልተገፋ አይገባም።